አቶ ፈንታሁን ያላወለቁት ጫማ

ቢቸና ላይ የብዙ ልጆችን እግር ሲያክሙ የኖሩት አቶ ፈንታሁን አርፈዋል። ያልሰማችሁ ስሙ። ደረታቸውን አሟቸው ተኙ፣ በዚያው ሳይነሡ ቀሩ። የተቀበሩት በተወለዱበት በሞጣ ነው። እኔ ደምሴ እባላለሁ። ገበሬ ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ ቃሉ ቢወላገድ ቻሉኝ። የተማረ ሰው ይጻፈው ቢሉኝ እንቢ አልኩ። የተማረ ሰው ያሳምረዋል። እኔ እንዲያምር አልፈልግም፤ ተቀይሜያለሁ።

መጀመሪያ ደግነታቸውን ልናገር። እሱን አልክድም።

የልጅ ልጄ ትርንጎ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እየተደናቀፈች ትወድቅ ነበር። እያደገች ስትሄድ ውስጥ እግሯ እንደ ቅስት ጎበጠ፣ ጣቶቿ ታጠፉ፣ ባቷ ቀጠነ። ስትራመድ ጉልበቷን ከፍ አድርጋ እግሯን ጧ ታደርገዋለች። ጠበል ወሰድናት፤ በወጌሻ አሳሸናት። በመጨረሻ አቶ ፈንታሁን ዘንድ ይዣት ሄድኩ። ፊዚዮቴራፒስት ይሏቸዋል፤ በመርፌና በኪኒን ሳይሆን እጅና እግርን እያሠሩ የሚያክሙ ናቸው። እግሯን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ዓይኗን አስጨፍነው «አሁንስ የትኛውን ጣት ያዝኩ?» ይሏታል። አታውቀውም። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አያ ደምሴ፣ ከቤተሰቡ እንዲህ የሚረግጥ ነበር?»

«የለም!»

«አያቷስ?»

አያቷ ማለት ሟች ባለቤቴ ናት። ስትደናቀፍ የኖረች ሴት ናት። «እሷ እንኳ ቸኩላ ነው» አልኳቸው።

ሳቁብኝ። «ዕድሜ ልኳን ቸኮለች? ወዴት ልትሄድ ነው?»

ተቆጣሁ። «አጥንቴን ሊቆጥሩ ነው እንዴ?» አልኩ። እዚህ አገር ጋብቻ ሲታሰብ የሰው ዘር ወደ ኋላ ይቆጠራል። በሽታ አለበት ከተባለ ቤት ልጅ የሚያገባ የለም። የፈራሁት ያንን ነው። እሳቸው ግን ረጋ ብለው እንዲህ አሉኝ፦ «ይህ የነርቭ ሕመም ነው፤ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል። ጨርሶ የሚያድን መድኃኒት የለኝም፣ አልዋሽዎትም። በልጅነት ከተያዘ ግን እግሩ ሳይጣመም፣ ልጅቱም ቤት ሳትቀመጥ ማቆየት ይቻላል። መውረሱ ነውር የለውም። መደበቁ ነው ልጅ የሚጎዳው።»

«አልዋሽዎትም» አሉኝ። ይችን ቃል ያዙልኝ።

ከዚያ ወዲህ እንደ ልጃቸው ያዟት። የተረከዟ ጅማት እንዳያጥር እንዴት እንደምንስበው አሳዩን። ቁርጭምጭሚቷን ቀጥ አድርጎ የሚይዝ የፕላስቲክ ድጋፍ ከባሕር ዳር አስመጡላት፤ ስታድግና ሲጠባት ሌላ አስለኩላት። እግሯ ቢቆስል አይሰማትምና ከትምህርት ቤት ስትመለስ አገላብጣችሁ እዩ ብለው አዘዙን። እኔ ስረሳ «አያ ደምሴ፣ የበሬዎን ኮቴ አጎንብሰው ያያሉ፤ የልጅዎ እግር ላይ ወገብዎን ያምዎታል?» ይሉኛል።

አንድ ጸሎተ ሐሙስ ደብራችን ሄድን። በዚያ ቀን ቄሱ የምእመኑን እግር ያጥባሉ። ትርንጎ አድጋ ነበር፤ ጓደኞቿ እግሯን እንዳያዩባት አላወልቅም ብላ በሩ ላይ ቆመች። በጫማ ደግሞ አይገባም። አቶ ፈንታሁን እዚያው ግንቡን ተደግፈው ቆመዋል። ጠሯት።

«ይች እግርሽ ትምህርት ቤት የምታደርስሽ እግር ናት። ምን ሰርቃ ነው የምትደብቂያት?»

«ጋሼ ደግሞ!» ብላ ሳቀች። አወለቀች። ገባች። ቄሱም አጠቧት። እኔ ዓይኔን በጋቢዬ ስጠርግ ነበር።

እሳቸው ከደጅ ቀሩ። ሁልጊዜም የሚያስቀድሱት ከደጅ ነው፤ ያንን ከእግራቸው የማይለይ ረጅም ቦት ጫማ እንዳሰሩ። አንዳንዱ ትዕቢት ነው ይል ነበር፤ አንዳንዱ ኃጢአት ቢከብዳቸው ነው ይል ነበር። እኔ ራሳቸውን ጠየቅኋቸው። «ጉልበቴን መኪና ገጭቶኛል፤ ጎንበስ ብሎ መፍታት ያስቸግረኛል» አሉኝ። አመንኩ። ላማቸው ሁሉ ያንን እየነገርኩ ተሟገትኩላቸው።

ሚስትም ልጅም አልነበራቸውም። ስለዚህ ሲያርፉ ገላቸውን ካጠብነው አንዱ እኔ ነኝ። ቦት ጫማውን የፈታሁትም እኔ ነኝ። ከውስጡ የወጣው የትርንጎ እግር ነው። የጎበጠ፣ ጣቱ የታጠፈ፣ ባቱ የቀጠነ። ውኃውን እንደያዝኩ ቆምኩ።

«ምነው አያ ደምሴ?» አሉኝ አብረውኝ የሚያጥቡት።

ውኃውን እግራቸው ላይ አፈሰስኩ።

ይህንስ እችለዋለሁ። ሰው የገዛ ገላውን ቢሸሽግ ገላው ነው። ያልቻልኩት ሞጣ ያየሁትን ነው። ከቀብሩ ስንመለስ ትርንጎ ክንዴን ጎተተችኝ።

«አባባ፣ ያች ልጅ እንደኔ ነው የምትረግጥ።»

ዞሬ አየሁ። የእህታቸው የወይዘሮ ብርቄ ልጅ ናት። ስሟን አልጽፍም፤ ገና ልጅ ናት። ጉልበቷን ከፍ፣ እግሯን ጧ። ድጋፍ የላት፣ ያደረገችው ስስ ሸበጥ፣ ቁርጭምጭሚቷ ወደ ውጭ ሊታጠፍ ደርሷል።

ወይዘሮ ብርቄን ለብቻዋ ጠየቅኋት። «ወድቃ ነው» አለችኝ።

«ወንድምሽም ወድቀው ነበር?»

ደነገጠች። «አዩት እንዴ?»

«አጥቤያቸዋለሁ እኮ።»

በነጠላዋ አፏን ያዘች። «ዝም በሉ ያለን እሱ ራሱ ነው። እሱ በእግሩ ሰበብ ሳያገባ ቀረ፤ እሷ እንደኔ አትቅር አለ። ለዓመት በዓል ሲመጣ በር ዘግቶ እግሯን ይስብላት ነበር። ድጋፉን ካደረገች ግን ሰው ይጠይቃል። አያ ደምሴ፣ በፈጠረዎት፣ የልጄን ዕድል አይዝጉባት!»

«ዕድሏ እግሯ ነው» አልኳት። «ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ካልወሰድሻት ለአርባው መጥቼ በሰው ፊት እናገራለሁ።»

አልወሰደቻትም። እንግዲህ የጻፍኩት ለዚህ ነው። ዘመድ ይቀየመኛል፤ ይቀየመኝ። እኔም ተቀይሜያለሁ።

ትርንጎ በሚኒባሱ ስንመለስ «እኔን አውልቂ እያሉኝ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ቤት እንደገባንም ድጋፏን አውጥታ ጥግ ጣለችው። ሰሞኑን ሳያት ግን መልሳ አድርጋዋለች። ያጠራትን አሮጌውንም አጥባ በፌስታል ቋጥራለች። «ለዚያች ልጅ ላሳያት ነው» አለችኝ። ይሆናት እንደሆነ ሐኪም ያያል።

አቶ ፈንታሁን፣ የልጅ ልጄን በእግሯ ስላቆሙልኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለሌላ ሰው ልጅ የደፈሩትን ለእህትዎ ልጅ ስለፈሩት ግን ይቅር አላልኩዎትም፤ ገና ነኝ። ለአርባዎ ሞጣ መጥቼ ይህንን አነበዋለሁ። ካስቆጣዎት እዚያው ይጠብቁኝ፣ ስመጣ እንጨቃጨቃለን። ለቄሱ የነፈጉትን እግር እኔ አጥቤዋለሁ። ንጹሕ ነው፣ ምንም አልሰረቀም። በሉ፣ ደጅ አይቁሙ፤ ይግቡ።