ጥርስ የሚለውን አንብብልኝ

ለንደን ወረርሽኙ ከገባባት ወዲህ፣ ሐሙስ ሐሙስ የሳምንቱን ሟቾች ወረቀት እየሸጥኩ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እቆማለሁ። በየሰፈሩ ስንት ሰው በምን በምን እንደሞተ ታትሞበታል። ገዢው ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው «ወረርሽኝ» የሚለውን ነው። አንዲት ሴት ብቻ ሌላ ነገር ትጠይቀኛለች።

ስሟን አላውቅም። በዚህ ሐሩር የወንድ ካፖርት ደርባ እስከ አንገቷ ትቆልፈዋለች። አንዳንዴ ሲከፈት፣ የቀሚሷ ደረት በወተት ርሶ አያለሁ፤ ሕፃን ታቅፋ ግን አይቻት አላውቅም። ማንበብ አትችልም።

«ወንድሜ፣ የኛን ሰፈር፣ ጥርስ የሚለውን አንብብልኝ» ትለኛለች።

አነብላታለሁ። በኛ ሰፈር ወረርሽኝ የሚባል የለማ! ሕፃን ሁሉ የሚሞተው ጥርስ ሲያበቅል ነው። ወረርሽኝ ተብሎ ከተጻፈ ቤት ይታሸጋል፣ ገበያ ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ትልልቆቹ ነጋዴዎች ሟች ለሚመዘግበው ጸሐፊ ሹክ ይሉታል፤ እሱ «ጥርስ» ብሎ ይጽፋል፤ እኔን አደባባይ ላይ ያስጮኹኛል። የማያፍሩ!

ዛሬ ከኋላዋ የቆመ ጨርቅ ነጋዴ ሳነብላት ሰማና፣ «ተመስገን፣ ሰፈራችን ንጹሕ ነው» አለ።

ዞረችበት።

«ምኑ ነው ንጹሕ፣ ጌታዬ? የኔዋን ብብቷ ሥር እባጭ ወጥቶባት ነው የቀበርኳት። እንኳን ጥርስ ልታበቅል፣ ገና አልተጠመቀችም ነበር!»

ንጹሕ ነው ያለው ሰውዬ አፍንጫውን በመሐረብ አፍኖ፣ ከእሷ እየሸሸ መንገዱን ተሻገረ።