ለቀኝ እጅ የመረጥኩት መታጠቢያ

የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በመንግሥት መሥሪያ ቤት ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ነው። ካርቶኑ ሳይከፈት፣ ዕቃውን በእጄ አገላብጬ ሳላይ ፈርሜ አላውቅም። አለቆቼ ሲቸኩሉ እኔ የባሰ ቀስ እል ነበር። ጡረታ ከወጣሁ በኋላም ይህ ጠባይ አልለቀቀኝም። ስለዚህ ሚዛን ተፈሪ ያለው ቤታችን ውስጥ የተገጠመውን የሽንት ቤት መታጠቢያ የመረጥኩት እኔ ነኝ ስል ለመኩራራት አይደለም፤ የሆነውን ለመናገር ነው።

ነገሩ የመጣው በባለቤቴ ሕመም ነው። ባለቤቴ ቴፒ አካባቢ የእሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ኃላፊ ሆኖ የሠራ፣ ዕድሜውን ወንዝ እየጠለፈ ቡና ሲያጥብ የኖረ ሰው ነው። ባለፈው ክረምት ስትሮክ መታውና ግራ ጎኑ ዛለ። እግሩ በምርኩዝ እየተጎተተም ቢሆን ተመለሰለት። ግራ እጁ ግን ጭኑ ላይ እንደተቀመጠ ቀረ።

ጓሮ ያለው አሮጌው ሽንት ቤት በዝናብ ስለሚያዳልጥ፣ ልጃችን ከአዲስ አበባ መጥታ ከመኝታ ቤታችን ጎን መቀመጫ ያለው ሽንት ቤት አሠራችልን። ሁላችንም ችግሩ ያለቀ መሰለን።

ከዚያ ባለቤቴ መብላት ቀነሰ። የጎደሬ ቅቅል በሚያቃጥል ዳጣ ሲቀርብለት እንግዳ ፊት እንኳ ሳህን ጠርጎ የሚበላ ሰው፣ ሦስት ጊዜ ጎርሶ “በቃኝ” ማለት ጀመረ። ውሃም የሚጠጣው ተለምኖ ሆነ። ሐኪሙን ብጠይቅ መድኃኒቱ የምግብ ፍላጎት አይዘጋም አለኝ። ሱሪው ከወገቡ እየወረደ ሲያስቸግረው ቀበቶው ላይ በምስማር አዲስ ቀዳዳ በሳሁለት።

በዚያን ጊዜ የማጥበው እኔ ነበርኩ። ጆግ ይዤ እገባለሁ፤ እሱ ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞራል፤ ሳንነጋገር እንወጣለን። አንድ ቀን፣ ለምን ራስህ በቀኝ እጅህ አትሞክርም፣ ሶፍትም አለ ብዬ ጠየቅሁት። ሶፍቱን “ቡና በጨርቅ ተወልውሎ ታጠበ ይባላል?” ብሎ ዘጋው። ከዚያ ቀኝ እጁን አነሣና አየው።

“በዚህ እጅ ነው የምበላው” አለ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ልጅ ሲያድግ ቀድመን የምናስተምረው እጆቹን መለየት ነው፤ ግራው ለመጸዳጃ፣ ቀኙ ለማዕድ። እሱ ግራውን ካጣ በኋላ ሁለቱንም ሥራ ለቀኙ መስጠት አልሆነለትም። በእኔ እጅ መታጠቡንም አልቻለውም። ስለዚህ ሽንት ቤት መግባት እንዳይበዛበት ከማዕዱ ይቀንስ ነበር። እጅ ሳይገባበት የሚያጥብ ነገር ካላገኘሁ ዓይኔ እያየ ሊያልቅ ነው።

ለልጃችን በስልክ ነገርኳት። በማግስቱ በመብራት የሚሠራ የሽንት ቤት መታጠቢያ ፎቶ ላከችልኝ። መቀመጫው ይሞቃል፣ ውሃው ለብ ይላል፣ አየር ነፍቶ ያደርቃል፣ እንደ ቴሌቪዥን ሪሞት አለው። “እማዬ፣ አባዬ አንድ ቁልፍ መጫን ብቻ ነው የሚጠበቅበት” አለች። መብራት ሲጠፋስ አልኳት።

“አባትሽ እዚያ ላይ ተቀምጦ መብራት ይጠብቅ?”

ሳቀች። እኔ ግን መቀለዴ አልነበረም። እዚህ ሰማይ ባጉረመረመ ቁጥር መብራት ይሄዳል፤ ሰማዩ ደግሞ የማያጉረመርምበት ሳምንት ጥቂት ነው።

ቀጥሎ ሰፈራችን ያለውን ቧንቧ ሠራተኛ ጠራሁት። የሸኮ ሰው ነው፤ ረጋ ያለ፣ ሥራውን የሚያውቅ። በቀጭን ቱቦ ጫፍ ላይ ያለች፣ በእጅ ተይዛ የምትረጭ ትንሽ ሻወር አመጣልኝ። ከተማው ሁሉ የሚያስገባው ይህችን ነው አለኝ። እሷን ለመጠቀም እጅ የት ድረስ እንደሚወርድ እንዲያሳየኝ ጠየቅሁት። በግራ እጁ ይዞ ሊያሳየኝ ሲል በረንዳ ላይ የተቀመጠውን ባለቤቴን አየና ዕቃዋን ወደ ከረጢቱ መለሳት። በቴፒ መንገድ ባለ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ሌላ ዓይነት እንዳየ የነገረኝም እሱ ነው።

ራሴ ሄድኩ። ከመቀመጫው ሥር የሚገባ ስስ ነገር ነው። ከጎኑ እንደ ሬዲዮ ድምፅ ማስተካከያ የሚዞር መዘውር አለው። መዘውሩ ሲዞር ከሥር ትንሽ ቱቦ ብቅ ብላ ታጥባለች። መብራት አይፈልግም። ባለሱቋ ሁለት ዓይነት ነበራት። የመጀመሪያው ያምራል፤ መዘውሩ ግን በግራ ነው። የሁለተኛው ካርቶን አቧራ ለብሷል። ክፈቺልኝ አልኳት። መዘውሩ በቀኝ በኩል ነው፤ የቱቦው መገጣጠሚያም ፕላስቲክ ሳይሆን ነሐስ ነው። ወንበር ስቤ ዕቃው ላይ እንደተቀመጥኩ ሆኜ ቀኝ እጄን ዘረጋሁ። ደረሰልኝ። ገልብጬ ሥሩንም አየሁት።

“እማማ፣ ሰው ለልጁ ሚስት ሲመርጥ እንኳ እንዲህ አያገላብጥም” አለችኝ ባለሱቋ።

“ሚስት ካልተስማማች ትሄዳለች፤ ይሄ ተገጥሞ የሚቀር ነው” አልኳት።

ለባለቤቴ ምንም አልነገርኩትም። ቢሰማ ያፍራል ብዬ ነበር። ያ ስሕተት ነበር። እሱ በረንዳ ላይ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጦ ሳለ ቧንቧ ሠራተኛው ገጠመው። መዘውሩን ሲያዞረው በጣሪያው ዝናብ ከሚሞላው ታንከራችን የሚመጣው ውሃ ተንጠባጠበ እንጂ አልተረጨም። ቧንቧ ሠራተኛው አንገቱን ነቀነቀ። ፓምፕ ይፈልጋል አለ። ፓምፕ ደግሞ በመብራት ነው የሚሠራው። ያን ሁሉ ተንከራትቼ መነሻዬ ላይ ተገኘሁ። ለባለሱቋ ምን ብዬ እንደምመልስላት እያሰብኩ ሳለ ከበረንዳው ድምፅ መጣ።

“ታንከሩ እኮ መሬት ላይ ነው የተቀመጠው።”

ለካ ሁሉን ሲሰማ ኖሯል።

“ከላይ ያልወረደ ውሃ አይገፋም። ያን ሁሉ ዓመት ቡና ያጠብኩት በፓምፕ ነው?”

ቤታችን ከዳገት ሥር ነው። ከጓሮው ቡና በላይ፣ አቮካዶው አጠገብ ደልዳላ ቦታ አለ። በምርኩዙ ወደዚያ ጠቆመ። የጣሪያው ዝናብ እዚያ ድረስ አይወጣም ብዬ ተከራከርኩት።

“የጣሪያው በርሜል ውስጥ ይጠራቀም፤ ለልብስ ይሁንሽ። የከተማው የውሃ መስመር የሚመጣው ከዳገቱ በላይ ነው” አለ።

ልክ ነበር። ከታመመ ወዲህ ይህን ያህል ቃል በአንድ ጊዜ ሲናገር አልሰማሁትም።

ሥራው ሁለት ቀን ፈጀ። ቧንቧ ሠራተኛው ድንጋይ ደርድሮ ታንከሩን ከዳገቱ ላይ አቆመ፤ ቱቦውን በቡናው መሐል አወረደ። ባለቤቴ ወንበሩን ወደ ጓሮ አስወጥቶ በምርኩዙ እየጠቆመ ያዝዝ ነበር። ቱቦውን አታጣምመው፣ ውሃ መታጠፍ አይወድም ይለዋል። ቧንቧ ሠራተኛው እሺ ጋሼ እያለ ያስተካክላል።

ሁሉም ሲያልቅ የኮባ ቅጠል እንዳመጣ አዘዘኝ። ቆርጬ አመጣሁና መቀመጫው ላይ ዘረጋነው። ቧንቧ ሠራተኛው መዘውሩን እስከ መጨረሻው ሲያዞረው ውሃው ቅጠሉን ቀዶ ወጣ። ባለቤቴ በሩን ተደግፎ ያይ ነበር።

“ይሄ ማጠቢያ አይደለም፤ የቡና መፈልፈያ ነው” አለ።

ሁለቱ ወንዶች ሳቁ። ሌላ ቅጠል አምጥቼ መዘውሩን ሩቡን ያህል አዞርነው። ውሃው ቅጠሉን ከመሐሉ ከፍ አደረገው፤ አልቀደደውም። መዘውሩ የቆመበት ቦታ ላይ በቀይ ቀለም ምልክት አደረግሁበት።

በማግስቱ ረፋድ ላይ ምርኩዙን ይዞ ገባ። እኔም እንደ ልማዴ ጆጉን አነሣሁ። መቀርቀሪያው ከውስጥ ሲዘጋ ሰማሁ። ወደ ጓሮ ወጣሁና በጆጉ ውሃ ቃሪያውን አጠጣሁ። ሲወጣ በረንዳው ላይ ወዳለው ወንበሩ ሄዶ ተቀመጠ።

ምሳ ጎደሬ ነበር። ቀስ ብሎ በላና ሳህኑን ወደ እኔ ገፋው። “በቃኝ” እስኪል ጠበቅሁ።

“ጨምሪልኝ። ዳጣውንም” አለ።

ሁለተኛውን እየበላ ሳለ ልጃችን ደወለች። ዕቃው እንዴት ነው፣ ሠራ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

“አባትሽ ምሳ ላይ ነው፤ ቆይተሽ ደውይ” አልኳት።