የፖስተኛዋ የኪስ ካሜራ

ስልክ ሁሉ ፎቶ ማንሳት ከመጀመሩ በፊት ነው። የጎረቤቴ የቬሊችካ ልጅ ለፋሲካ ከስፔን ስትመጣ፣ ለእናቷ አንዲት ብርማ ዲጂታል ካሜራ ይዛላት መጣች። ከሲጋራ ፓኮ አትበልጥም። ቬሊችካ ሃያ ስድስት ዓመት ፖስታ ያደለች ሴት ናት፤ ቁመቷ አጭር፣ ምላሷ ረጅም፣ በእኛ በኩል ባለው የሮዶፒ ተራራ ያላንኳኳችው በር የለም። ስጦታዋን ገልበጥ አድርጋ አየችና፣

«ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ምን ላድርጋት?» አለች።

«ኪስሽ ውስጥ ክተቻት። የቀረውን ራስሽ ትደርሽበታለሽ።»

ደረሰችበት። እስከዚያ ድረስ እኛን ፎቶ የሚያነሳው ኦግኒያን ነበር። ከታች ከከተማው፣ አንገቱ ላይ እንስራ የሚያክል ካሜራ አንጠልጥሎ ሲመጣ፣ ሽማግሌዎቹ እንደ ምልምል ወታደር ቀጥ ይላሉ፤ ሴቶቹ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው ይስባሉ። የቬሊችካን ግን ማንም ከቁብ አልቆጠራት። በአንድ እጇ ጋዜጣ ታቀብላለች፣ በሌላው ቀጭ ታደርጋለች፤ ሰውዬው ገና የጉልበቱን ሕመም እያወራ ነው። ሦስት ጥርስ የቀራቸው እንኳ ሦስቱንም አውጥተው ይስቁላት ነበር።

ካሜራዋ እንከን የላትም ማለት ግን አይደለም። ቬሊችካ ቁልፏን ከተጫነች በኋላ ካሜራይቱ ትንሽ ታስባለች፤ አስባ እስክትጨርስ ዶሮዋ ከፎቶው ወጥታ ሄዳለች። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ያለ ፍላሽ ካነሳች ሁሉም ጉም ይሆናል፤ በፍላሽ ካነሳች ደግሞ ቄሱ ዱቄት ውስጥ የወደቁ ይመስላሉ። ፀሐይ ሲበረታ ስክሪኗ ላይ ምንም ስለማይታይ በግምት ነው የምታነሳው፤ አንድ ሰሞን የመንደሩን ሰው ሁሉ ጫማ ሰብስባ ነበር። በረዶ ሲጥል ደግሞ ባትሪው አሥር ደቂቃ አይቆይም። ስለዚህ እያወጣች ጡት መያዣዋ ውስጥ ታሞቀው ጀመር።

አንድ ጠዋት በር ላይ ቆማ ደረቷን ስትዳብስ፣ ሰማንያ ሊሞላቸው የተቃረቡት አባባ ሚንቾ አዩዋት።

«አንቺ! የኔን ደብዳቤ እዚያ ነው እንዴ የምታስቀምጪው?»

«የእርስዎማ ከማዘጋጃ ቤት የመጣ ነው፤ እዚህም ቢገባ አይሞቅም።»

አባባ ከት ብለው ሳቁ። ባትሪውን ከትታ፣ ተጭና፣ ካሜራይቱም አስባ እስክትጨርስ ሳቃቸው አላለቀም ነበር።

በበጋው የባህል ቤቱ ኃላፊ ስቶይካ «የተራራችን ፊቶች» የሚል የፎቶ ዐውደ ርዕይ አሰናዳች። ኦግኒያንም ቬሊችካም እንዲያቀርቡ ተጠየቁ፤ ፎቶዎቹም በር በር አክለው እንዲታተሙ ተባለ። የኦግኒያን በር አከሉ፣ አማሩም። ከቬሊችካ ለሙከራ የታተመው ሲተልቅ ብትንትን አለ፤ የአባባ ሚንቾ ሳቅ ዝናብ በመታው መስኮት የሚታይ ነገር ሆነ።

ኦግኒያን ክፉ ሰው አይደለም፣ ዝም ማለት ግን አይችልም። «እትዬ ቬሊችካ፣ ይህቺ እኮ ለኪስ የተሠራች ናት። ዓይኗ ሽንብራ ታክላለች፤ ከየት ታምጣው?»

ቬሊችካ ቤቷ ገባች። ሁለት ቀን እኔን እንኳ አላናገረችኝም፤ ያቺ ምላሰ ረጅም! በሦስተኛው ቀን በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣

«የልብስ ማስጫ ገመድሽን አውሺኝ» አለች።

«ያንቺስ?»

«የኔ ብቻውን አይበቃም።»

አርባ ፎቶ በፖስትካርድ ልክ አሳትማ፣ ሁለቱን ገመዶች ቀጥላ፣ ከባህል ቤቱ አዳራሽ ጫፍ እስከ ጫፍ በደረት ከፍታ ወጠረችና ፎቶዎቹን በልብስ መቆንጠጫ አንጠለጠለቻቸው። በመክፈቻው ዕለት ሰው መጀመሪያ ከኦግኒያን ትልልቅ ፎቶዎች ፊት ለፊት እጁን አጣምሮ፣ ድምፁን አጥፍቶ ቆመ። ዝምታውን የሰበሩት እማማ ቶታ ናቸው።

«ይሄ የአፍንጫዬ ኪንታሮት ነው? ከቤቴ ይበልጣል እኮ! አንተ ልጅ፣ እኔን ነው ያነሳኸው እሱን?»

ከዚያ ሰዉ ሁሉ ወደ ገመዱ ሄደ። ትንንሾቹን ለማየት ጎንበስ ማለት፣ መጠጋት፣ ራስ ለራስ መጋጨት ግድ ነው። ወዲያው አዳራሹ ገበያ ሆነ። «ይቺ አንቺ ነሽ!» «ዝም በል፣ ያንተን አፍ ተመልከት!» ኦግኒያንም መጥቶ አጎነበሰ፤ ቶሎም ቀና አላለም።

«እማማ ቶታ ለኔ እንዲህ ስቀውልኝ አያውቁም» አለ።

«አንተ ስትመጣ ተጣጥበው ይጠብቁሃል፤ እኔ ስመጣ ሽንኩርት እየላጡ ነው» አለችው ቬሊችካ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ለቤተ ክርስቲያኑ ግን ያንተ ይሻላል። የኔዋ እዚያ ዕውር ናት» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሠርግና ክርስትናውን ለእሱ ተወችለት፤ እሱም በረንዳና ማሳውን ለእሷ።

ዐውደ ርዕዩ ሁለት ሳምንት ይቆያል ተብሎ ነበር። በአራተኛው ቀን ስቶይካ አዳራሹን ስትከፍት ገመዱ ላይ መቆንጠጫ ብቻ ቀርቷል። እየሮጠች ፖስታ ቤት ደረሰች።

«ዐውደ ርዕዩ የት ሄደ?»

«ወደየቤቱ» አለች ቬሊችካ፣ ደብዳቤ መለየቷን ሳታቋርጥ።

እኔም የራሴን ፎቶ ወስጄ ነበር።

ሰኞ ፖስታ ለማደል ስትወጣ፣ አባባ ሚንቾ የራሳቸውን ፎቶ መስኮታቸው ላይ፣ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙረው ለጥፈውት አገኘች።

«ምነው አባባ፣ ወደ ውጭ አዞሩት?»

«እኔማ መልኬን አውቀዋለሁ» አሉ። «አላፊ አግዳሚው ይየው እንጂ።»