ለወረቀት ሽማግሌ ሆኜ

የዛሬ ሦስት ሳምንት ቅዳሜ ሙሉቀን ሱቄ ገባና «ሽማግሌ ሁነኝ» አለኝ።

ደስ አለኝ። ሰውየው አርባ ሊደፍን ነው፣ እስካሁን አላገባም። መዶሻዬን አስቀምጬ «የማን ልጅ ናት?» አልኩት።

«ልጅ አይደለችም... ወረቀት ናት።»

ለማያውቀኝ ልንገር። ጎንደር ፒያሳ አካባቢ ፍሬም ሠሪ ነኝ። የምረቃ ፎቶ፣ የሠርግ ፎቶ፣ የቅዱሳን ሥዕል ያመጡልኛል። ሙሉቀን ደግሞ አስጎብኚ ነው (ይሄን እንዳያይ ብሎክ አድርጌዋለሁ)። ሁለታችንም አንድ በሽታ አለብን... የከሰሩ የትራም ኩባንያዎችን የአክሲዮን ወረቀት እንሰበስባለን። ትራም ማለት በውጭ አገር ከተማ መሐል ለመሐል፣ በሐዲድ ላይ ሰው የሚያመላልስ ተሽከርካሪ ነው። ኩባንያዎቹ ከሞቱ ቆይተዋል፤ ወረቀታቸው ግን... ያ ሥዕል! ያ ማኅተም! ሚስቴ «የሞተ ድርጅት ባለአክሲዮን» ትለኛለች።

እኔ ያሉኝ አራት ናቸው። እሱን ቱሪስት ይወደዋል፣ ካገራቸው ይልኩለታል፤ አሥራ ዘጠኝ አለው። አሥራ ዘጠኙንም ፍሬም ያደረግኩለት እኔ ነኝ። በገዛ እጄ! አንዱን በጨረስኩ ቁጥር ምሳ አልበላ ይለኛል። ምን ልደብቃችሁ፣ ቅናት ነው። አንጀቴ እስኪያር ነው የምቀናው።

«የት ያለች ወረቀት?» አልኩት፤ ልቤ ግን ቀድሞ አውቋል።

«አይከል። አያ ፈረደ የሚባሉ ሰው ቤት። አንተ ታውቃቸዋለህ አሉኝ።»

አውቃቸዋለሁ እንጂ! የሚስቴ ቤተሰቦች ጎረቤት ናቸው። አባታቸው በጣልያን ጊዜ ከአንድ መሐንዲስ ጋር ይሠሩ ነበር። መሐንዲሱ ጥሎት በሄደው ሻንጣ ውስጥ ያገኟት ወረቀት እስከ ዛሬ ግድግዳቸው ላይ አለች። ሁለት ፈረስ የሚጎትተው ትራም፣ በመስኮቱ ባርኔጣ ያደረገች ሴትዮ፣ ከሥር ትርፍ ለመቀበል እየተቆረጠ የሚሰጥ ኩፖን፣ አንዱም ሳይቆረጥ። ሦስት ዓመት በየበዓሉ ስኳር ይዤ እየሄድኩ ፊት ለፊቷ ተቀምጫለሁ። መጠየቅ ግን... ይሉኝታ ያዘኝ። «ለካ የሚመጣው ለወረቀቷ ኖሯል» ቢሉኝስ?

ለሙሉቀን «እኔም እፈልጋታለሁ» ማለት ነበረብኝ። «እሺ» አልኩት። በሆዴ ግን ነገሩን አበላሽቼ ልመለስ ቆርጫለሁ።

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ከሙሉቀን አጎት ጋር አይከል ሄድን። ሙሉቀን እንደ ሙሽራ መናኸሪያው ሻይ ቤት ቁጭ ብሎ ቀረ።

«ምነው ቆማችሁ? ተቀመጡ እንጂ» አሉ አያ ፈረደ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አጎትየው። ከዚያ በክርናቸው ጎሰም አደረጉኝ። «በል ተናገር።»

ቀዝቀዝ አድርጌ ልናገር ነበር ሐሳቤ። አፌን ስከፍት ግን ሦስት ዓመት ያፈንኩት ሁሉ ወጣ... ስለ ፈረሶቹ አንገት፣ ስለ ሴትዮዋ ባርኔጣ ተናገርኩ። ፀሐይ የማይነካው ግድግዳ ላይ እንደምትሰቀል፣ የማንም እጅ እንደማያርፍባት ተናገርኩ።  አጎትየው ዞር ብለው አዩኝ። የምለምነው እኮ ለራሴ ነበር፤ ስሙ ብቻ ነው የሙሉቀን።

አያ ፈረደ መጀመሪያ ግድግዳው ላይ ያለችውን ወረቀት፣ ከዚያ እኔን አዩ።

«አንተ ልጅ» አሉኝ በመጨረሻ። «ሦስት ዓመት ስትመጣ ዓይንህ ከሷ ላይ ተነሥቶ አያውቅም። ዛሬ ይጠይቀኛል፣ ነገ ይጠይቀኛል እያልኩ ላንተ ነበር ያስቀመጥኳት። ለካ ለሰው ኖሯል!»

 «አያ፣ እኔ...» ብዬ ጀመርኩ።

«ግድ የለም። ደጄ ላይ የቆመ ሽማግሌ አሳፍሬ አልመልስም። ሸጋ አድርገህ ነው የለመንክለት። ወስደህ ስጠው።»

«እግዜር ይስጥልን!» አሉ አጎትየው፣ እስከ መሬት ጎንበስ ብለው። አለቀ።

እስከ ጎንደር ጭኔ ላይ ይዣት መጣሁ። ሙሉቀን ሚኒባሱ ውስጥ ከጎኔ ተቀምጦ ትከሻዬን እየሳመ «አንተ እኮ ወንድሜ ነህ» ይለኛል። ወንድም! በመስኮት ልወረውረው ምንም አልቀረኝ። እሱን ነው፤ ወረቀቷንማ እንዴት ብዬ!

ፍሬም የሚሠራላት ደግሞ ማን ሆነና? እኔው ነኝ። በሁለተኛው ቀን ጨረስኳት። ይኸው አሁን ከጠረጴዛዬ ፊት ለፊት፣ ፀሐይ የማይነካው ግድግዳ ላይ ተሰቅላለች።

ትናንት ሙሉቀን ለአምስተኛ ጊዜ ደወለ። «ኧረ ምነው፣ አልደረሰችም እንዴ?»

«ሙጫው አልደረቀም» አልኩት።

የሠራኋት በሚስማር ነው።