ያልተነሣው ሳቅ

የእኔ ልብስ ስፌት ቤትና የጋሽ ቀናበሉ ፎቶ ቤት በአንዲት ስስ የጣውላ ግድግዳ ነበር የሚለያዩት። ቀናበሉ የወጣለት ስም አይደለም፤ ጉርድ ፎቶ ሊነሣ የገባውን ሁሉ «ቀና በሉ፣ አሁንም ቀና በሉ» ሲል ስለሚውል ሰፈሩ የሰጠው ነው። ውሎ አድሮ ሚስቱም በዚያው ትጠራው ጀመር።

የሰውን ልጅ በማሳቅ ወደር አልነበረውም። ሲጫኗት የምትጮህ የጎማ ዳክዬ ነበረችው፤ ዳክዬዋ ካልበቃች ራሱ ይጮሃል። እያለቀሰ የገባ ሕፃን እየተንከተከተ ሲወጣ እየሰማሁ፣ ስንቴ መቀሴን አስቀምጬ ብቻዬን ስቄአለሁ።

የገዛ ልጁ ግን አቃተችው።

ያን ጊዜ ስድስት ዓመት ሊሞላት ጥቂት ቀርቷት ነበር። ድክ ድክ ያለችው ሐይቅ ከተሳለበት የፎቶ ቤቱ መጋረጃ ሥር ነው፤ ጥርስ ስታወጣ ያኘከችውም ያችኑ ዳክዬ። ሙሽራ እንዴት እንደሚቆም፣ ወይዘሮ እንዴት እንደምትቀመጥ ከፊደል በፊት አጥንታለች። ስለዚህ አባቷ ካሜራውን ገና ከቦርሳው ሳያወጣ አንገቷን ሰበር፣ እጇን አገጯ ላይ ጣል፣ ከንፈሯን በልክ ገለጥ ታደርግና ድርቅ ትላለች።

«እሱን ተይው፣ እናቴ። ዝም ብለሽ ተጫወቺ።»

«እየተጫወትኩ ነው እኮ፣ አባዬ። አንሣኛ» ትለዋለች፣ ከንፈሯን ሳታነቃንቅ።

ዳክዬዋን ሲያስጮህባት ታዝናለታለች። «እሷ እኮ ለእንግዳ ነች።»

ሚስቱ በበሩ አንገቷን ብቅ ታደርግና፣ «የአገሩን ልጅ ሁሉ የምታስቀው ሰውዬ፣ አንዷ ልጅህ አቃተችህ?» ትለዋለች። ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ በከረሜላ ቢደልል፣ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ እንቦጭ ሆነ።

እኔም እንደ ቀልድ ነበር የማየው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የሸሚዙን እጅጌ ሊያስጠግን ገብቶ ሲተክዝ፣ «ምን አስጨነቀህ? ግድግዳህን የሞላው የእሷ ፎቶ አይደለም እንዴ?» አልኩት።

«የእሷማ ነው። የእናቴ ግን የለም» አለኝ።

እናቱ አንድም ፎቶ ሳትነሣ ነበር የሞተችው፤ እሱ ካሜራ ከመያዙ በፊት። ልጅቷ ታዲያ ሳታስበው ስትስቅ መጀመሪያ የግራ ከንፈሯ ብቻ ከፍ ይላል፤ ከዚያ አፍንጫዋ ሸብሸብ ይላል፤ ድምፁ ከሁሉ ኋላ ይመጣል። ያ የአያትየዋ ሳቅ ነው። ከእናቱ መልክ በዚህ ዓለም የቀረው ያ ሳቅ ብቻ ነበር።

«የፊት ጥርሷ ተነቃንቋል» አለ። «ሲወልቅ አፏ ይለወጣል፤ ሲበቅል ደግሞ ሌላ ሳቅ ይዞ ይመጣል። በሰው ልጅ ስንቴ አይቼዋለሁ።»

«እንግዲያው እኔ ቤት እንሞክራታ» አልኩት።

በማግስቱ ልጅቷን ቁልፍ ለዪልኝ ብዬ ጠራኋት። እሱ ቀደም ብሎ ገብቶ፣ ከተሰቀሉት ኮቶች ጀርባ ካሜራውን ደግኖ ቆሟል። ከበሩ የሚገባው ለስላሳ ብርሃን ፊቷ ላይ አርፏል። አንድ እጅጌው ገና ያልተሰፋለትን ኮት ገልብጬ ለበስኩና ደረቴን ነፍቼ እንደ ሙሽራ ተገተርኩ።

ቀና ብላ አየችኝ። «ጋሼ፣ አንዱ እጅጌህ የታለ?»

«እየተተኮሰ ነው። ሲያልቅለት ይመጣል።»

ሳቀች። ከንፈሯ፣ አፍንጫዋ፣ ከዚያ ድምፁ፣ ልክ እንደነገረኝ። ጆሮዬን ወደ ኮቶቹ ጣልኩ፤ ምንም የለም። አሁንም ሳቀች፤ አሁንም ምንም የለም። ሳቋ ሊያልቅ ሲል ነው ካሜራው ቀጭ ያለው። ሌላው ልጅ የእናቱን ኮቴ እንደሚለይ ሁሉ እሷ ያን ድምፅ ትለያለች፤ ዞር አለችና እጇን አገጯ ላይ ጣል አደረገች፤ ካሜራው ደግሞ ቀጭ አለ።

«አባዬ፣ ብትነግረኝ ኖሮ እስተካከልልህ ነበር» አለችው።

ከኮቶቹ መካከል ሲወጣ ካሜራው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል።

«እሷ ያን ሁሉ ስትስቅ ምን ነካህ? የት ነበርክ?» አልኩት።

«እያየኋት ነበር» አለ።

ፊልሙ ታጥቦ ሲወጣ፣ ከመጣው ሁሉ የሚሻለው አገጯን ደግፋ ያየችበት ነበር። በመስኮቱ ሰቀለው። አላፊ አግዳሚው ቆም ብሎ «እንዴት ያምራል» ሲል፣ እሱ ከውስጥ ሆኖ «እግዜር ይስጥልኝ» ይላል።

ከዚያ ወዲያ አመሻሹ ላይ ደንበኛ ሲጠፋ፣ ያለ ካሜራ፣ ልጁን በእጇ እየመራ ይመጣ ነበር። «ጎረቤት፣ እስቲ ያን ኮት ልበሰው» ይለኛል። የኮቱ ባለቤት ኮቱን ወሰደ፤ እኔም ሌላ ገልብጬ መልበስ ጀመርኩ። እሱ በርጩማው ላይ ተቀምጦ ዝም ብሎ ያያታል።

አንድ ቀን የገለበጥኩትን ኮት እጅጌ ራሴ ላይ አጥልቄ ብቅ ስል፣ ልጅቷ እንደ ወትሮዋ ልትስቅ ጀመረችና እጇ ሮጦ አፏን ሸፈነ። ድምፁ ብቻ ከመዳፏ ሥር መጣ።

«ወለቀ እንዴ?» አላት ቀስ ብሎ።

በአዎንታ ራሷን ነቀነቀች። አፍራለች። እጇን ዝቅ እንድታደርግ አልጠየቃትም፤ ተነሥቶ ሌላኛውን እጇን ያዘ።

«ነይ እንሂድ፣ እናቴ። ሰው መጥቷል።»

እውነትም ሰው መጥቶ ነበር። እኔ ኮቱን እንደ ገለበጥኩ በቆምኩበት፣ ድምፁ በግድግዳው በኩል ተሰማኝ።

«ቀና በሉ... አሁንም ትንሽ ቀና በሉ።»