በድምፅ የሚላክልኝ መጽሐፍ

በብዙ ሰው ቀንቻለሁ፤ ጥርሷ በሚያምር፣ ማዳሟ በምትስቅላት፣ እናቷ ቶሎ ስልክ በምታነሳላት ሁሉ። መጽሐፍ ውስጥ ባለች ሴት ስቀና ግን ያ የመጀመሪያዬ ነበር።

መጽሐፉን ያገኘችው ጓደኛዬ ናት። እዚህ ዓረብ አገር ኤርፖርቱ አጠገብ፣ ኻልዴ በሚባል ሰፈር የምትሠራበት ቤት ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ ስትሄድ አንድ ካርቶን መጽሐፍ ይጣል ተባለ። ጓደኛዬ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ ካርቶኑን ስትበረብር፣ ሽፋኑ ላይ ሁለት ሴቶች በአንድ ጃንጥላ ሥር የቆሙበትን አንዱን አስቀረች። ዓረብኛ ታነባለች። ፊደሉን ወሎ ውስጥ በልጅነቷ ቁርአን ስትቀራ ነው የለየችው፤ ትርጉሙን ደግሞ ስምንት ዓመት የሰው ቤት አስተማራት። እኔ ዓረብኛውን እንደ ልቤ ባወራውም ከፊደሉ አንዷን እንኳ አልለይም። ስለዚህ እሷ ታነብና ወደ አማርኛ እየመለሰች በድምፅ ትልክልኛለች። ያልገባትን ትዘለዋለች፤ «እዚህ ጋ ስለ በረዶ አንድ ገጽ አለ፣ ኸላስ፣ በረዶ ነው» ትላለች። እኔ ሀደት በሚባል ሌላ ሰፈር አንዲት አሮጊት እጦራለሁ፤ እንደ ልጅ ልጆቻቸው ተታ እላቸዋለሁ። ከምሳ በኋላ ሲያንቀላፉ አንድ ጆሮዬ ላይ ኤርፎን ሰክቼ፣ ልብስ እየተኮስኩ እሰማለሁ። ሌላውን ጆሮዬን ለተታ እተወዋለሁ፤ ከጠሩኝ መስማት አለብኝ።

የዕረፍት ጊዜ ታሪክ ነው። አንዲት ሴት ለአስር ቀን ተራራ ላይ ወዳለ የእንግዳ ማረፊያ ትሄዳለች። ማረፊያውን የምታስተዳድረው ሌላ ሴት ናት፤ ነገረኛ፣ ምድጃ ስትለኩስ እንኳ ከምድጃው ጋር የምትጣላ። ገና በመጀመሪያው ቀን በሻንጣ ምክንያት ተኮራረፉ። የፍቅር ታሪክ ነው ስለተባልኩ እኔ ወንዱን መጠበቅ ጀመርኩ። ዶክተር ይሆናል፣ መንገድ ጠፍቶት ይመጣል እያልኩ። አራተኛው ምዕራፍ ላይ ሁለቱ ወጥ ቤት ውስጥ ሲሳሳሙ ወንዱ እንደማይመጣ ገባኝ። ካውያውን የተታ የትራስ ልብስ ላይ ረሳሁትና ቡናማ ምልክት ጥሎ ተነሳ። መልሼ አዳመጥኩት። ጓደኛዬ ያቺን ቦታ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ ሳትቸኩል ነው ያነበበችው። ተከትሎ አንድ አጭር መልእክት መጣ፤ «ወንድ የለበትም ያኒ። ይቀጥል?» ይቀጥል ብዬ ላክሁ።

እንዲህ ያለ መጽሐፍ መኖሩን አላውቅም ነበር። ሰው ቁጭ ብሎ ጽፎት፣ ታትሞ፣ ሥዕል ያለው ሽፋን ተደርጎለት። የወደድኩት ግን መሳሳሙን ብቻ አይደለም። የጻፈው ሰው ሰው ያውቃል። እንግዳዋ ዕረፍት ላይ ሆና እንኳ በአሥራ አንድ ሰዓት እየነቃች የማረፊያውን አልጋ ራሷ ታነጥፋለች፤ ባለማረፊያዋ ይህን ስታይ እንደተሰደበች ትቆጥረዋለች። በየጠዋቱ በአልጋ ማንጠፍ ይጣላሉ። ከፀቡ ሥር አንዷ ሰው እንዲያግዛት እንደምትፈራ፣ ሌላዋ ከማገዝ በቀር ፍቅር መግለጫ እንደማታውቅ ቀስ እያለ ይወጣል። ሳቅሁም፣ አለቀስኩም፣ ቀናሁም። በአስሩ ቀናቸው ቀናሁ፤ አሠሪዎቻችን ዕረፍት ሲወጡ የእኛ ሥራ ነው የሚበዛው። ከውስጥ በሚቆለፈው በራቸው ቀናሁ። ከሁሉ በላይ በእንግዳዋ ቀናሁ፤ ጓደኛዬ ስሟን ስትጠራ ድምፅዋ ይለሰልሳል፤ የኔን ስም እንደዚያ ጠርታው አታውቅም።

ጓደኛዬ የምላት ሌላ መጠሪያ ስላላገኘሁላት ነው። እወዳት ነበር፣ እንደ እህት አይደለም። ሳልነግራት ስድስት ዓመት አለፈ። ይህ መጽሐፍ ሲመጣ ግን ድፍረት አገኘሁ፤ መጨረሻውን የሰማን ዕለት እነግራታለሁ ብዬ ወሰንኩ።

አንድ ማክሰኞ አሥራ ሁለተኛው ምዕራፍ ከላዩ ትንሽ ቀስት ይዞ መጣ። ቀስቷን ሁላችንም እናውቃታለን፤ መጀመሪያ ለሌላ ሰው ተልኮ ወደ አንቺ የዞረ መልእክት ላይ ነው የምትታየው። ለእኔ ብቻ የሚነበብ መስሎኝ ነበር። ያን ቀን ምዕራፉን ሳልሰማ ዋልኩ፤ ተታ ሾርባው ጨው በዝቶበታል ቢሉኝ ለእሳቸውም በቁጣ መለስኩ።

እሁድ፣ ከሌሎች የአገሬ ልጆች ጋር ወደምንሰበሰብባት ኦዛይ ሰፈር ያለች ክፍል ስሄድ ሌላዋን ሰው አየኋት። ከአዲስ አበባ ከመጣች ሦስት ወር የሆናት ልጅ ናት። ቆንጆ ናት፤ ይህን መጻፍ እንኳ ይተናነቀኛል። ጥግ ይዛ ኤርፎን ሰክታ፣ ባለማረፊያዋ ሾርባውን አሳርራ በመስኮት በደፋችበት ቦታ መሆን አለበት፣ አፏን ይዛ ትስቅ ነበር። ያቺ ሳቅ የኔ ነበረች።   ሽፋኑን ደህና አድርጌ ልየው ብዬ ከጓደኛዬ መጽሐፉን ተዋስኩ፤ ሀደት ወስጄም ፍራሼ ሥር ከተትኩት። እኔ ለብቻዬ ካልሰማሁት ያቺም አትሰማውም።

በሳምንቱ መልሽልኝ አለችኝ። ዋሸሁ። የተታ ልጅ አየብኝ፣ ጥቂት ገጽ አነበበና ፊቱ ተለዋውጦ ይዞት ሄደ አልኳት። የተናገርኩት ነገር ምን እንደሚያስከትል ማወቅ ነበረብኝ። ከመካከላችን የአንዷ ዕቃ በቤቱ ሰዎች እጅ ከገባ ቀጥሎ የሚፈተሸው ስልክ ነው፤ ከዚያ የሚቀጥለው በአውሮፕላን ወደ አገር መመለስ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ መልእክት ይቆማል፣ መደወል ይቆማል፣ በተገናኘን ቀን ደግሞ ስልኩ ይጸዳል። የተያዘው እንደዚህ ዓይነት መጽሐፍ የሆነ ጊዜ ደግሞ ፍርሃቱ እጥፍ ነው። አንድ ሳምንት ሙሉ ድምፅዋ ጠፋ።

በቀጣዩ እሁድ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ስልክሽን አምጪ አለችኝ። ሰጠኋት። መስኮቱ አጠገብ ቆማ አንድ በአንድ ታጠፋ ጀመር፤ የሻንጣውን ፀብ፣ ወጥ ቤቱን፣ አልጋ ማንጠፉን። ተይ ለማለት እውነቱን መናገር ነበረብኝ፤ ጎንበስ ብዬ የጫማዬን ማሰሪያ ፈታሁ።

አዲሷንም አጥፊ ብዬአታለሁ አለች እያጠፋች። ልጅቷ ቤቱ ከብዷት ጠዋት ማታ ታለቅስ ነበርና ትንሽ ትሳቅ ብላ ነው የላከችላት። ዓይኗን ከስልኩ ሳታነሳ ቀጠለች።

«የመጨረሻዎቹን ሁለት ምዕራፎች ለማንም አልላክሁም። እኔም አላነበብኳቸው ወላሂ። አጠገብሽ ቁጭ ብዬ ላነብልሽ ነበር።»

«መጽሐፉ እኔ ጋ ነው» አልኩ። «ፍራሼ ሥር። ማንም አልወሰደውም።»

ጣቷ ቆመ። ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ ጥግ ላይ የተቀመጠችውን ልጅ አየች፣ መልሳ እኔን አየች፣ ገባት። እኔ ጩኸቷን እጠብቅ ነበር። እሷ ግን ስልኩን መዳፌ ላይ አስቀመጠችው።

«ከእኛ ቤት በላይ አውሮፕላን በተነሳ ቁጥር፣ ይሄው አሳፈሯት እል ነበር» አለችኝ። «አንድ ሳምንት ሙሉ።»

 እነግራታለሁ ካልኩት ሁሉ የወጣኝ መጽሐፉን በሚመጣው እሁድ አመጣዋለሁ የሚለው ብቻ ነበር። ሻሿን አስተካክላ ቦርሳዋን አነሳች።

«ያዢው» አለች። «ላንቺ ይሁን። አንብቢው።»

ከፊደሉ አንዷን እንኳ እንደማልለይ ከእሷ በላይ የሚያውቅ ሰው የለም።