ለጓሮው ክፍል የተመረጠው መሠረት

አቶ ሀብተሥላሴ አምቦ ፖስታ ቤት መስኮት ላይ ተቀምጠው የሰው ሰላምታ ሲቀበሉ የኖሩ ሰው ናቸው። በኦሮምኛም በአማርኛም የጠራቸውን ሁሉ በቋንቋው ይመልሱለት ነበር። ጡረታ ሲወጡ ሰላምታው ቀረ። ሚስታቸው ድንቅቱ ስትሞት ደግሞ የቤቱ ድምፅ አብሯት ሄደ። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ሰሎሜ ናት፤ እሷም ያገባችው ድሬዳዋ ነው።

ሰሎሜ ለእናቷ ሙት ዓመት የመጣች ጊዜ ልጆቿን ጠባብ አልጋ ላይ አጋድማ፣ «አባዬ፣ አንድ ክፍል ቢጨመር እኮ ክረምቱን እዚሁ እናሳልፍ ነበር» አለች። ወሬ ለመሙላት ያለችው ነው። አባቷ ግን ቃል አድርገው ያዙት። መስቀል አልፎ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ከጉደር ግንበኛውን ሆርዶፋን አስጠሩ።

ሆርዶፋ ቁጥብ ሰው ነው። ከቤቱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሮ አፈሩን በመዳፉ ጨበጥ አደረገው። ጥቁር ዋልካ ነበር።

«ኦቦ ሀብተሥላሴ፣ ይሄ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል» አለ። «ላይ ላዩን ቆፍረን ድንጋይ ብንገነባበት ቶሎ ያልቃል፤ ግን ውሎ አድሮ ግድግዳው ይተረተራል።»

«ሌላስ?»

«ጥቁሩን አውጥተን የማያብጥ ጠጠራማ ገረጋንቲ ሞልተን መጠቅጠቅ እንችላለን። ለአንድ ክፍል እሱ ይበቃል። ከዚያ ያለፈው፣ ጠንካራ መሬት እስኪገኝ ወርዶ በብረትና በኮንክሪት ምሰሶ ማቆም ነው። ፎቅ ይሸከማል፤ ሥራው ግን ረጅም ነው። ክፍሉ ለማን ነው?»

«ለልጄ። ለልጅ ልጆቼ።»

«ሊኖሩበት ነው?»

አቶ ሀብተሥላሴ ስልካቸውን ከኪሳቸው እያወጡ «እስቲ ልጠይቃት» አሉ።

ሲደውሉላት ሰሎሜ መሥሪያ ቤት ነበረች። «አባዬ፣ ምን ያለፋሃል? ልጆቹ ትምህርት አላቸው፤ መንገዱም እንደምታውቀው ነው። ሲረጋጋ እንመጣለን።»

«የደወልኩት መሠረቱን ልመርጥ ብዬ ነው።»

«ቀላሉን አድርገው፤ ባይሠራም ግድ የለም። ስብሰባ ልገባ ስለሆነ መልሼ እደውላለሁ።»

ሳትደውል ቀረች። በነጋታው ሆርዶፋ ሲመጣ አቶ ሀብተሥላሴ «ጥልቁን ይሁን» አሉት።

«ለአንድ ክፍል? ገረጋንቲው ይበቃዎታል እኮ።»

«ጥልቁን።»

ቁፋሮው ተጀመረ፤ ግቢው በሰው ሞላ። አቶ ሀብተሥላሴ ገና ጎህ ሲቀድ ተነስተው ትልቁን ማንቆርቆሪያ ይጥዳሉ፤ ከሱቅ ዳቦ ያመጣሉ። ቆፋሪዎቹ ጅሩና ኤጄታ ጉድጓድ ውስጥ ሆነው ሲቀላለዱ፣ ጠርዙ ላይ በርጩማ አስቀምጠው ይሰሟቸዋል። ድንቅቱ ከሞተች ወዲህ ምሳቸውን ማድ ቤት ቆመው ጎረስ ጎረስ አድርገው የሚያልፉት ሰውዬ፣ ሽሮ መሥራት ተማሩ። ቀጠነ ሲባሉ በሚቀጥለው ቀን ያወፍሩታል።

አንድ ቀን የኤጄታ ዶማ ጠንካራ መሬት ነካ። ሠራተኞቹ ደስ ብሏቸው ወደ ላይ ሲወጡ፣ አቶ ሀብተሥላሴ «ትንሽ ዝቅ ቢል አይሻልም?» አሉ።

ሆርዶፋ አያቸው። ሰዎቹን ወደ ምሳ ሸኝቶ አጠገባቸው አፈር ክምሩ ላይ ተቀመጠ።

«ደርሰናል እኮ፣ ኦቦ። ከዚህ በታች አለት ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ልጆቹ አይመጡም፣ አይደል?»

«እንጃ። ይመጡ ይሆናል።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አሹት። «ገረጋንቲውን ብመርጥ ሥራው ቶሎ ያልቅ ነበር። እናንተ ቶሎ እንዳትሄዱብኝ ብዬ ነው።»

ሆርዶፋ የጉድጓዱን ወለል ተመለከተ። «ያለ አስፈላጊነቱ አለት አላስቆፍርዎትም» አለ። «በክረምት ግን ግድግዳውን ለማየት እመጣለሁ። እሱን እችላለሁ።»

ኮንክሪቱ ተሞላ። አቶ ሀብተሥላሴ ጠዋትና ማታ ውሃ አጠጡት። ግድግዳው ቆመ፤ ቆርቆሮው ከፋሲካ በፊት ተመታ። ሠራተኞቹም መሣሪያቸውን ባጃጅ ላይ ጭነው ሄዱ። ያን ጊዜ ዝምታው ከቀድሞው ባሰ፤ ጆሯቸው ሰው ለምዶ ነበርና።

ለበዓሉ ሰሎሜ አልመጣችም። በስልክ በቪዲዮ ደወለችና አባቷ ስልኩን ከፍ አድርገው ክፍሉን አስጎበኟት፤ አዲሱን አልጋ፣ መስኮቱን፣ ከመስኮቱ የሚታየውን ባሕር ዛፍ። ልጆቹ «አያቴ፣ ያምራል» እያሉ ሲጮሁ ኔትወርኩ ተቆረጠ። ስልኩን እንደያዙ ትንሽ ቆሙ።

ነሐሴ ላይ ዝናቡ ሲያጥለቀልቅ ሆርዶፋ እንዳለው መጣ። የግድግዳውን ጥግ ሁሉ በእጁ እየዳበሰ ዞረ። አንዲት ስንጥቅ አላገኘም።

«ጤነኛ ነው» አለ። «ከእንግዲህ የሚያሰጋው ነገር የለም።»

አቶ ሀብተሥላሴ ደስ ሊላቸው ሲገባ ከፋቸው። የፀጉር ያህል የቀጠነች ስንጥቅ ብትገኝ እኮ ሆርዶፋ ለከርሞም የሚመጣባት ሰበብ ትሆን ነበር። ነገሩን ግን በሆዳቸው ያዙት። ሽሮ አቀረቡ፤ ማንም ባልተኛበት አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጠው አብረው በሉ። ሆርዶፋ አዲስ አበባ ገብታ ስለጠፋችበት እህቱ አወራ፤ እሳቸውም ስለ ድንቅቱ። ዝናቡ ሲያባራ «ገላቶማ፣ ኦቦ» ብሎ አመስግኖ ተነሳ፤ የጉደርን ታክሲ ሊይዝ ነው። አቶ ሀብተሥላሴ እስከ አስፋልቱ ሸኙት። ተመልሰው ሲገቡ ሁለቱን ሳህን አጠቡ፤ የአዲሱን ክፍል መስኮት ከፍተውም እስኪመሽ ድረስ እዚያው ተቀመጡ።